ጋሽ ከጀርባው እና ሰባቱ ብርቱካኖች

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ የማያምን ሰው አለው። ሰላም ስትሉት "ምን ፈልገህ ነው?" የሚል፣ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ደመናው የማን እንደሆነ ሳያጣራ ጃንጥላ የማይዘረጋ! እናንተም ቤት አለ፤ የለም ካላችሁ እናንተው ናችሁ። የእኛን የሚያህል ግን የለም፣ እምላለሁ!

ሥራችን የአገር ስጋት መገምገም ነው። የውጭ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ይጠይቁናል። ሙስናው እንዴት ነው? የተሰረቀ ገንዘብ በየት ገብቶ፣ በየት ታጥቦ ይወጣል? ያፈሰስነውንስ መልሰን እናገኘዋለን? እኛ አጥንተን አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ እንሰጣለን። የመጨረሻውን ቀለም የሚቀቡት ክቡር ጋሽ ከጀርባው ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ የየትኛውም ድርጅት ስም ሲጠራ "ከጀርባው ማን አለ?" ስለሚሉ። ወረቀቱ ላይ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ሰውዬ አያጠግባቸውም። ከእሱ ጀርባ ያለውን፣ ከዚያም ጀርባ ያለውን እስኪያገኙ ምግብ አይወርድላቸውም። "ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው" ይላሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

አንዴ፣ እንግዳ ሲገባበት ታይቶ የማይታወቅ ሆቴል በየወሩ "ክፍሎቼ ሞልተው ነበር" እያለ ግብር ይከፍላል። ሌላ ሰው ቢሆን "ታማኝ ግብር ከፋይ!" ብሎ ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን አምስት ቀን ሙሉ ከሆቴሉ ጓሮ ቆመው የተሰጣውን አንሶላ ቆጠሩ። "በአምስት ቀን ስድስት አንሶላ!" እያሉ ቢሮ ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር። "አንሶላው ሳይታጠብ ገንዘቡ ታጥቧል!"

እቤታቸውም ያው ናቸው። የልጃቸው እጮኛ ለመተዋወቅ ሲመጣ በር ላይ "መኪናዋ በማን ስም ናት?" አሉት። በአጎቱ ስም ነበረች። አጎትየው መጥቶ እስኪያስረዳ ምሳ አልቀረበም አሉ።

እስቃለሁ አይደል? አዎ፣ ነገሩ እኔ ቤት እስኪደርስ ድረስ ስስቅ ነበር።

ታላቅ እህቴ ሃያ ሁለት ሴቶችን ቀጥራ የሥራ ልብስ ታሰፋለች። የተከራየችው ቤት ሊፈርስ ሁለት ወር ቀረው። አዲስ ቤትና አዲስ ማሽን የሚገዛላት አንድ የውጭ ኩባንያ በስንት ጸሎት ተገኘ፤ ግን "መጀመሪያ የአገሩን ስጋት እንወቅ" አለ። ሥራው ማን ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው? ጋሽ ከጀርባው ጠረጴዛ ላይ!

እህቴ ወዲያው ደወለች። "አንተ ልጅ! ሰውዬህን አንድ ነገር በላቸው እንጂ! አረንጓዴ ቢቀር ቢጫ ቢያደርጉት ምን ይጎድልባቸዋል? ከጀርባ ሆድ ይቀርባል እኮ!"

እኔ ሞኙ ምን አደረግሁ? ሰባት ብርቱካን ገዝቼ ገባሁ። "ለጤናዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

ፌስታሉን አዩት። እኔን አዩኝ። "ከጀርባው ማን አለ?"

"እህቴ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል!

ከመሳቢያቸው የስጦታ መዝገቡን አወጡ። ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አይተው "ብርቱካን። ሰባት። አንዱ በስብሷል" ብለው ጻፉና አስፈርመው ፌስታሉን መለሱልኝ። ወደ በሩ ስዞር "የእህትህ ቤት በየት በኩል ነው?" አሉ።

ሦስት ቀን ተመላለሱባት! የማሽኖቹን ደረሰኝ፣ የአከራዩን ስም፣ የአከራዩን አከራይ ጠየቁ። ሴቶቹን አንድ በአንድ ደሞዛቸውን ጠየቁ። በመጨረሻ "ጉቦ ከፍለሽ ታውቂያለሽ?" ሲሏት፣ እህቴ መዋሸት አይሆንላትም፣ "አንዴ፣ ለመብራት ቆጣሪ፤ አሥር ቀን በጨለማ ከቆየሁ በኋላ" አለች። ጻፉት። ማታውን ደውላ "ጉድ ሠራኸኝ!" ብላ አለቀሰች። "ሻይ እንኳ ከፍለው ነው የጠጡት!"

ግምገማው ወጣ። አገሩ፦ ቀይ።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። "ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ሴቶች እኮ ናቸው! ሃያ ሁለት ቤት!"

"ቀይ ማለት አትግቡ ማለት ነው ያለህ ማነው? ዓይናችሁን ገልጣችሁ ግቡ ማለት ነው።"

በሩን አላትሜ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሰላም አላልኳቸውም። ዕድሜ ልኬን ላለማናገርም ወስኜ ነበር።

ከዚያ እህቴ ደወለች። ከመጮኋ የተነሣ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። "ፈረሙ! ሰዎቹ ፈረሙ!" እሷ ጋ የመጣችው የኩባንያው ሴትዮ ነግራታለች፦ ሌሎች ሦስት መሥሪያ ቤቶች አገሩን አረንጓዴ ብለው ልከውላቸው ነበር፤ ሰዎቹ ግን አንዱንም አላመኑም። ከተማውን እንዳለ የነገሯቸው፣ በየት በኩል ጠንቀቅ ብለው መግባት እንደሚችሉ ያሳዩዋቸው እኚህ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። የቆጣሪዋን ጉቦ ሳይቀር የተናገረች ሴት ደግሞ አብራ ለመሥራት ትሆናለች ብለዋል።

"ቆይ፣ ሴትዮዋ ከሰጠችኝ ግምገማ የመጨረሻውን ገጽ ላንብብልህ" አለች እህቴ። "'ግልጽ ማድረግ ያለብኝ ጉዳይ' ይላል። 'የልብስ ስፌቱ ባለቤት ወንድም አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ የሠራ ባልደረባዬ ነው። ሰባት ብርቱካን አምጥቶልኝ መልሻለሁ። እንደ ልጄ እወደዋለሁ። ስለዚህ ስለ እህቱ የጻፍኩትን መልካም ነገር ሁሉ እናንተው ደግማችሁ አጣሩ።'"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ! ዓይኔን ጠርጌ ቢሯቸው ገባሁ። ከወረቀታቸው ቀና አላሉም።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ምንም፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው።"

መሳቢያውን ሳቡ። መዝገቡን አወጡ። "ምስጋና። አንድ" ብለው ጻፉና ብዕሩን አቀበሉኝ። ፈረምኩ። ይህንን ግን አልመለሱልኝም።