የሙሴ ራምጂ ምስር

በሰው አገር የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚናፍቀው ዘመዱን ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል፤ የሚናፍቀው ወጡን ነው። እኔ ጎባ ተወልጄ ጎባ ያደግሁ ስለሆንኩ የምናፍቀው አገር የለኝም። አባቴና አክስቴ ግን ከጦሩ ጋር ከመንዝ ከመጡ ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም ማዕድ ሲቀርብ «የአገራችን ሽሮ እንዲህ አልነበረም» ሳይሉ እጃቸውን አይሰዱም። አገሩን ወዳችሁ ትታችሁ መጥታችሁ ለሽሮው ምን ብላችሁ ታለቅሱለታላችሁ እላለሁ። በልቤ ነው የምለው። አፌን ከፍቼ መናገር ብችል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩላችሁ።

ከእኛ የባሰ ባዕድ ደግሞ አለ። ራምጂ ባሕር ተሻግሮ ከህንድ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ፈረንጅ ባይሆንም ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ለእኛ «ሙሴ» ነውና ሙሴ ራምጂ እንለዋለን። ገበያው ዳር ጨርቅ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ከሱቁ ጀርባ ሁለት አግዳሚ ወንበር ዘርግቶ ምግብ መሸጥ ጀመረ። ሰው ቤት እያለው ከቤቱ ወጥቶ ባዕድ ያበሰለውን ገዝቶ ሲበላ ጎባ ላይ ያን ጊዜ ገና ማየታችን ነው። አክስቴ እቴቴ ዘነበች «ሚስት ያጣ ይብላ!» ብላ ስታላግጥ ሰነበተች።

ሁዳዴ ሲገባ ማላገጧ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሴ ራምጂ ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አይበላም፤ ደጁንም አያስረግጥም። ይህን የሰማ የጎባ ክርስቲያን ሁሉ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ጾመኛ ነው ብሎ ደመደመ። በእኛ ቤት ሥጋና ቅቤ አብረው ወጥተው አብረው የሚገቡ ናቸውና፣ አንዱን ትቶ ሌላውን የሚበላ ፍጡር ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። «ማን ባረከው፣ ማን አረደው» የሚል ጣጣም የለበትም፤ ምስር አይታረድም። እቴቴ «ሰውየው እኮ ከኛ ይልቅ ይጸድቃል» እያለች በሳምንት ሁለቴ ትመላለስ ጀመር።

እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበረኝ። አዮ ፋጡማ የምንላት ጎረቤታችን አለች፤ አዮ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። እሷ በየገበያው ቀን ቅቤ የሞላ ቅሏን ይዛ የምትገባው በሙሴ ራምጂ የጓሮ በር ነው፤ ቅሉን ተሸክሜ የማግዛት ደግሞ እኔ ነኝ። ሁዳዴ ገብቶም ቅሉ አልጎደለም። ይህን ለእቴቴ ነገርኳት።

«ልጅ ስለ ጾም ምን ታውቃለች?» አለችኝ። «ቅቤውን ለራሱ ፀጉር ነው የሚገዛው።»

ሙሴ ራምጂ ራሰ በራ ነው። ዝንብ ያንሸራትታል።

አዮ ፋጡማ ይህን ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «እናንተ ሰዎች መሬታችን ላይ ስትቀመጡ አልጠየቃችሁም፤ ምግቡ ላይ ስትቀመጡም አትጠይቁም» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልምጣ። በዚያ ፋሲካ ልቆርብ ነበር። እናቴ ሳትሞት የተሳለችው ስእለት ስለሆነ፣ ከዚያ የበለጠ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም። አባቴ ስለዚሁ ጉዳይ ከነፍስ አባታችን ከመምሬ ወልደ ሰንበት ጋር ሊነጋገር አስቦ፣ ከቅዳሴ መልስ የት ቢጋብዛቸው ጥሩ ነው? አዎ፣ እዚያው። እቴቴም እኔም ተከተልን።

ምስሩ በስስ ቂጣ ቀረበ። ሁሉም ጎረሱ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬት መሬት አየሁ።

«ብዪ እንጂ!» አለ አባቴ። «በአባታችን ፊት እህል ትንቂያለሽ?»

ወደ እቴቴ አየሁ። እቴቴ ሁለተኛ ሳህን አስጨምራ ነበር።

«ተዋት፣ ጭምት ልጅ ናት» አሉ መምሬ ከንፈራቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ሙሴን ጠርተው «ለመሆኑ ምን ቢገባበት ነው እንዲህ የጣፈጠ?» አሉት።

ሙሴ ራምጂ ይህን ጥያቄ ከህንድ ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ፊቱ በራ። «ቅቤ ነው፣ አባቴ! ጥሩ ቅቤ! ብዙ ቅቤ!»

የአባቴ ጉርሻ መንገድ ላይ ቆመ። እቴቴ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን መታች፤ ከዚያም፣ ልብ በሉልኝ፣ ጣቷን ወደኔ ዘረጋች። «ይቺ ናት! ቅቤውን ስታቀብል የከረመችው ይቺ ናት!»

«ታውቂ ነበር?» አሉኝ መምሬ።

በራሴ አዎ አልኩ። «ነግሬያት ነበር» ያልኩት እንደ ልማዴ በልቤ ነው። እቴቴም የነጠላዋን ጥለት ስትቆጥር አገኘኋት።

ፍርዱን ስሙ። ሳያውቅ የበላ አይኮነንም፤ ስለዚህ መምሬ ነጹ፣ አባቴ ነጻ፣ ሁለት ሳህን የጨረሰችው እቴቴም ነጻች። አውቆ ዝም ያለ ግን በደለኛ ነው። እስከ ፋሲካ በየቀኑ መቶ ስግደት ተጣለብኝ፤ ቁርባኔም ለከርሞ ተላለፈ። ከአራታችን አንዲት ጉርሻ ያልቀመስኩት እኔ ብቻ ነኝ! ጉልበቴ ሲላጥ፣ የእናቴን ስእለት ሳስብ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያቃጠለኝ እቴቴ ጓዳ ሆና ስግደቱን ስትቆጥርልኝ መስማቴ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ሌላው ሲቆርብ ቆሜ አየሁ። በማግስቱ እቴቴ «አሁንማ ተፈስኳል፤ ቅቤውም አገሩ ይግባ» ብላ ሁላችንንም ሙሴ ራምጂ ዘንድ ወሰደችን፤ መምሬም አልቀሩም። ቅቤው በሳህኑ ዳር እየፈሰሰ ለሁሉም ቀረበ። ለእኔ ሙሴ ራምጂ ራሱ ለብቻዋ የተሠራች ትንሽ ድስት በሁለት እጁ ይዞ መጣ። መምሬ በተጋበዙ ቀን ካየው ሁሉ የተረዳው፣ ይህች ልጅ ቅቤ የማትነካ ቅድስት መሆኗን ነው።

«ላንቺ» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «ቅቤ የለም! ኑግ ዘይት ብቻ!»

ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ፣ ሰግጄ፣ ሳልቆርብ ቀርቼ፣ በፋሲካ ማግስት የጾም ምስር! ውስጤ አንድ ነገር ተበጠሰ።

«ሙሴ፣ ቅቤ ጨምርልኝ!»

ድምፄን እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ገበያው ድረስ ተሰምቷል አሉ።

እቴቴ ቂጣዋን አስቀመጠች። «ኧረ በማርያም! በመምሬ ፊት ሴት ልጅ እንዲህ ትጮኻለች?»

መምሬም ራሳቸውን እየነቀነቁ ስንት ስግደት እንደሚበቃኝ ማስላት ጀመሩ። እኔ ግን ቅቤው እስኪመጣ ድረስ ድስቷን የዘረጋሁበትን እጄን አልሰበሰብኩም።