የባልዲው ክዳን

[ከኑክሌር ማመንጫው የሚወጣው ሞቅ ያለ ውኃ ዳኑብ ወንዝ ውስጥ የሚገባበት ቦይ ዳር። የማመንጫው ሠራተኛ ጌዛ ከቦዩ ዓሣ እያጠመደ ለምርመራ ያቀርባል። ታሲሎ ከዋና ከተማ የመጣ የጨረር ተቆጣጣሪ ነው፤ እሱ የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። መካከላቸው ሁለት ባልዲ፣ በየባልዲው አንድ አንድ ዓሣ። ምስኪኑ ጌዛ ገና በጠዋቱ ላብ አጥምቆታል።]

ታሲሎ፦ “ክዳን ነው” ብቻ አትበለኝ!

ጌዛ፦ ክዳን ነዋ ጌታዬ! ታዲያ ምን ልበለው?

ታሲሎ፦ የሰማያዊ ባልዲ ክዳን ሰማያዊ ነው! አንተ ሁለቱን አቀያይረህ አረንጓዴውን ደፍተህበታል!

ጌዛ፦ ዓሣው እንደሆነ ቅር አላለውም።

ታሲሎ፦ ስማ፣ ሰማያዊው የእናንተ ዓሣ ነው፤ ከዚህ ቦይ። አረንጓዴው ማነጻጸሪያ ነው፤ የእናንተ ውኃ ከማይደርስበት ከላይኛው ወንዝ። ገባህ?

ጌዛ፦ ገባኝ።

ታሲሎ፦ ምን ገባህ?

ጌዛ፦ ሁለት ዓሣ እንዳለን።

ታሲሎ፦ ኤጭ! እስከ ዛሬ ልዩነት አልነበራቸውም። ዛሬ በአዲሱ መለኪያ ብለካቸው፣ ንጹሕ መሆን ያለበት የአረንጓዴው ዓሣ ጨረር በለጠ! ዓሦቹን ቀያይረሃቸዋል። ክዳን የሚቀያይር ሰው ዓሣ ከመቀያየር አይመለስም። ነገ ትባረራለህ!

ጌዛ፦ በእመቤታችን! ጡረታዬ እኮ ደርሷል! ዓሣውን በእጄም አልነካሁት!

[የአረንጓዴውን ባልዲ ክዳን ገልጦ ያጎነብሳል። ፊቱ ድንገት ይፈካል።]

ጌዛ፦ አልተቀየረም! ጅራቱ ላይ ቀይ ክር አለ። ድልድዩ ጋ ካለችው ሴትዮ አይደል የገዙት?

ታሲሎ፦ አዎ። ማነጻጸሪያውን እኔው ራሴ ነኝ የምገዛው፤ የእናንተን ሰው አላምንም። “ልጆቼ ይሙቱ፣ ከላይኛው ወንዝ ነው” ብላ ምላልኛለች።

ጌዛ፦ እሷ ሁሌም ትምላለች። ልጅ የለንም።

ታሲሎ፦ የለንም?

ጌዛ፦ ፒሮሽካ ሚስቴ ናት። ክሩም ከሹራቤ የተረፈ ነው።

ታሲሎ፦ [ድምፁ ሰልሎ] ዓሣውንስ ከየት ታመጣዋለች?

ጌዛ፦ እኔ ነኛ የምሰጣት! ከዚሁ ከቦዩ፣ ከቧንቧው ሥር። ውኃው ስለሚሞቅ ዓሣው የሰባ ነው።

ታሲሎ፦ ሁልጊዜ ሁለት ነው የምገዛው... አንዱን ለምርመራ፣ አንዱን ለቤት!

ጌዛ፦ ጣዕሙስ እንዴት ነው?

ታሲሎ፦ ጣፋጭ ነው! ዝም በል! ቆይ፣ ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ያለውስ?

ጌዛ፦ [አንገቱን ደፍቶ] የያዝኩትን ሁሉ ፒሮሽካ ገበያ ትወስድብኛለች። ባዶ እጄን ከምቀርብ ብዬ ከአጎቴ ኩሬ አመጣለሁ። ተራራ ላይ ነው፤ እንደሱ ያለ ንጹሕ ዓሣ የለም።

ታሲሎ፦ [መሬት ላይ ዘፍ ብሎ] “የማመንጫው ዓሣ ከወንዙ አይለይም” ብዬ እኮ ሜዳሊያ ተሸልሜበታለሁ!

ጌዛ፦ እኛም አጨብጭበንልዎታል።

ታሲሎ፦ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!

ጌዛ፦ ታዲያ ተባረርኩ?

ታሲሎ፦ አንተ ከተባረርክ እኮ ለምን ይባላል!

[ጌዛ እፎይ ይላል። ሁለቱን ባልዲዎች ትኩር ብሎ ያያል። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይገለጥለታል።]

ጌዛ፦ ጌታዬ... የቦዩ ዓሣ ያለው አረንጓዴው ባልዲ ውስጥ ነው አይደል?

ታሲሎ፦ አዎ፣ ጉድ ሠርታችሁኝ!

ጌዛ፦ የቦዩ ክዳን ደግሞ ሰማያዊው ነው?

ታሲሎ፦ ነው አልኩህ!

ጌዛ፦ እንግዲያው ክዳኑን በትክክል ነበር የከደንኩት።