ካርዱን አልለቅም ያለው ኮምፒውተር

[ኦታዋ፣ አንድ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤት፣ ሐሙስ ረፋድ። ዱዌይን ኮምፒውተር ሳይጠፋ የኔትወርክ ካርዱን የሚነቅልና የሚሰካ ፕሮግራም ለመጻፍ ስምንት ወር ለፍቷል። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ጎርደን ሲመረምረው ግን እምቢ ብሎታል። እኩለ ቀን ላይ አለቃቸው ሥራው ለደንበኞች ይውጣ ወይስ ይጣል ብላ ትወስናለች። ሁለቱ ደግሞ በወንበር ይጨቃጨቃሉ።]

ጎርደን፦ ወንበርህን ራቅ አድርግ አልኩህ። አንገቴ ላይ እኮ ነው የምትተነፍሰው።

ዱዌይን፦ የራሴን ሥራ ልይ ብዬ ነዋ።

ጎርደን፦ ብታየውስ መቼ ይገባሃል?

ዱዌይን፦ እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት።

ጎርደን፦ መጻፉንማ ጽፈሃል። ስማ፣ ላስረዳህ። ይኼ በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ አካል የለውም። ካርዱም እንደዚያው። ስለዚህ ዝም ብለህ መንጭቀህ አትነቅለውም። "ካርዱን ልወስድ ነው፣ ልቀቅልኝ" ብለህ ትጠይቀዋለህ።

ዱዌይን፦ ጠየቅከው?

ጎርደን፦ ከሰኞ ጀምሮ፣ አርባ ጊዜ። ጭጭ።

ዱዌይን፦ አዲስ ካርድ ብትሰካለትስ?

ጎርደን፦ ስድስት ሰካሁለት። ዞር ብሎም አላያቸው።

[ዱዌይን ሆድ ባሰው። ሥራው ሲጣል ለሚስቱ ምን እንደሚላት ማሰብ ጀመረ። የሚገርመው፣ ባለፈው ዓርብ እሱ ሲሞክረው ሠርቶለት ነበር።]

ዱዌይን፦ ለእኔ ወዲያው ነበር የሚመልስልኝ። ምን አድርገኸው ነው?

ጎርደን፦ ምንም። እንዳያመልጠኝ ብቻ አቁሜዋለሁ።

ዱዌይን፦ አቁሜዋለሁ ስትል?

ጎርደን፦ ባለበት ቀጥ። ሲሠራ እኮ ዓይን ያጭበረብራል። ውስጡን አጥርቼ ላይ ብዬ ሰኞ ጠዋት አስቆምኩት።

ዱዌይን፦ ከዚያስ ለቀቅከው?

ጎርደን፦ ምን ሲደረግ?

[ዱዌይን ትንሽ አሰበ። እሱ ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚያስበው።]

ዱዌይን፦ ጎርደን፣ አራት ቀን ሙሉ አስተኝተኸው ነው "አይመልስልኝም" የምትለው?

[ዱዌይን በጎርደን ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ "ቀጥል" የሚለውን ተጫነ። ኮምፒውተሩ ነቃ፤ አሮጌውን ካርድ ለቀቀ፣ ስድስቱን አዳዲሶች አንድ በአንድ ተቀበለ።]

ዱዌይን፦ ሠራ እኮ! ለአለቃችን ልንገራት።

ጎርደን፦ ቆይ ቆይ። ጠዋት ጽፌላታለሁ።

ዱዌይን፦ ምን ብለህ?

ጎርደን፦ ይህንን ነገር እንዳይሠራ ያደረገው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬውኑ ከዚህ ሥራ ይነሣልኝ ብዬ።

ዱዌይን፦ ስም ጠቅሰሃል?

ጎርደን፦ ለክብርህ ብዬ ትቼዋለሁ።

ዱዌይን፦ [ከወንበሩ እየተነሣ] እግዜር ይስጥህ። ስሙን እኔው ልንገራት።