የፍሪጁ ሰርጎ ገብ

በየሰፈሩ፣ ማንም ሳይሾመው የሁሉ ነገር ጠጋኝ ሆኖ የሚኖር አንድ ሰው አይጠፋም። ሬዲዮ ሲያንኮራፋ፣ አልጋ ሲወላገድ፣ ቧንቧ ሲያለቅስ ደጃፍ ላይ ይገኛል። ሳይጠሩት ይመጣል፤ ከመጣም በቀላሉ አይሄድም፤ ሲሄድ ደግሞ ሁለት ብሎን ተርፎት ነው። ብሎኑ ለምን ተረፈ ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ ማሽን ምንም እንደማያውቅ ይነገረዋል።

የእኔው ክቡር ጓድ ጠጋኝ አቶ አስማማው ይባሉ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ለክትባት ሥራ ተመድቤ ከደሴ ባሕር ዳር ስመጣ መሥሪያ ቤቴ አንድ ካራቫን አስረከበኝ፤ ሐይቁን ሊያጠኑ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ጥለውት የሄዱ፣ በመኪና የሚጎተት የቆርቆሮ ቤት። ውስጡ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የክትባት ብልቃጥ የሚቀመጥበት፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ነበረው። ሹፌሩ ካራቫኑን ጣና ዳር፣ ከአቶ አስማማው አጥር ፊት ለፊት አቆመልኝ። ምን እንዳደረገኝ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አቶ አስማማው ጡረታ የወጡ የጀልባ ሞተር ሠራተኛ ናቸው። እሳቸው ግን የሚኮሩት የቀበሌው ጽዳት ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ በመሆናቸው ነው፤ የስብሰባ ቋንቋ ከአፋቸው አይለይም። ዝገት በእሳቸው ዘንድ «አድኃሪ» ነው። አይጥ «የሕዝብ ሀብት መዝባሪ» ናት። የማይገባው ቦታ የገባ ውሃ ደግሞ «ሰርጎ ገብ» ነው። ምርመራቸውን ሁሉ የሚጀምሩት «ይኸ ቀላል ነገር ነው» በማለት ስለሆነ፣ ይህን የሰማ የሰፈር ሰው ዕቃውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ኩፍኝ ከሐይቁ ማዶ ያለችው ይፋግ ገባ። ቅዳሜ እዚያ እንድንደርስ ታዘዝን። ሐሙስ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ከላይ ይንጠባጠባል፣ ከታች አቁሯል። የሦስት ብልቃጥ ወረቀት ተላጦ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ስሙ የጠፋ ብልቃጥ ለልጅ አይወጋም፤ ይጣላል። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ለአሥር ልጅ ነው። ውሃው ካልቆመ እስከ ቅዳሜ ስንቱን ልጥል ነው? የቀሩትን በበረዶ ሳጥን ከተትኳቸው፤ በረዶው ግን ቢበዛ እስከ ማታ ነው የሚቆየው።

ለማንም አልተናገርኩም። አቶ አስማማው ግን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ሲስተር ፀሐይወርቅ፣ ፊትሽ አላማረኝም። ምን ሆንሽ?»

«ፍሪጁ ውሃ አቆረ።»

«ሰርጎ ገብ ነዋ። ይኸ ቀላል ነገር ነው» አሉና አጥሩን ተሻገሩ።

የመጀመሪያው ምርመራ ካራቫኑ ዘሟል የሚል ነበር። ሎሚ ወለሉ ላይ አንከባለሉ፤ ሎሚው ወደ በሩ ሮጠ። «አየሽ?» ብለው ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረድሩ ጀመር። ቀትር ላይ ካራቫኑ ወደ ሌላኛው ጎን ዘመመና የፍሪጁ ውሃ ወለሉን አቋርጦ አልጋዬ ሥር ያለውን ሻንጣዬን አገኘው። አቶ አስማማው ግን ውሃው እንቅስቃሴ በማሳየቱ ደስ ብሏቸዋል።

ሁለተኛው ምርመራ የፍሪጁ በር ጎማ ላልቶ ሙቀት ያስገባል የሚል ሆነ። «ወረቀት በሩ ላይ ዘግተሽ ስትስቢው ከወጣ ላልቷል፤ እንቢ ካለ ደኅና ነው።» ያገኙት ወረቀት የቅዳሜው የጉዞ ደብዳቤዬ ነበር። ሳቡት። ጎማው እንቢ አለና ማኅተሙ ያለበት ግማሽ ውስጥ ቀረ። «ጎማው ደኅና ነው» ብለው የቀረውን ግማሽ በክብር አስረከቡኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ በረዶው ግማሽ ቀልጧል። «አቶ አስማማው፣ በእግዜር ይተዉት፤ ሌላ ሰው ልፈልግ» አልኳቸው፤ ቁጣዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ልክ ነሽ፣ ሰው ያስፈልጋል» አሉና ወደ ቀበሌ ሮጡ።

እዚያ ያሉትን መልእክት ተቀባይዋ እናትዓለም በኋላ ቃል በቃል ነገረችኝ፦ «ካራቫኑ ውስጥ ሰርጎ ገብ አለ። በፍሪጁ በኩል ነው የገባ። ሲስተርን አስጨንቋታልና ቶሎ ሰው ላኩ።» ውሃ የሚለውን ቃል አልጨመሩም፤ ለእሳቸው ግልጽ ነው።

እሳቸው ተመልሰው የፍሪጁን ውሃ በሳፋ ሲቀዱ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የአብዮት ጥበቃው መሪ አዘዘ ጠመንጃ ያነገቱ ሦስት ሰዎች አስከትሎ ካራቫኑን ከበበ። «ውስጥ ያላችሁ ሁሉ እጃችሁን አንሥታችሁ ውጡ» አለ። እጄን አንሥቼ ወጣሁ። በዚያ ቃል ተጠርጥሮ እስር ቤት የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ በማይታወቅበት ዘመን ነው። አቶ አስማማው ከኋላዬ በሁለት እጃቸው ሳፋ ሙሉ ውሃ ይዘው ብቅ አሉ።

«እጅህን አንሣ አልሁህ፣ አያ አስማማው።»

«ካነሣሁ ይደፋል።»

«ሰርጎ ገቡስ?»

«ግማሹን ይዤዋለሁ። የቀረው ውስጥ ነው» አሉና ሳፋውን አሳዩት።

አዘዘ ሳፋውን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ሳፋውን አየ። አልሳቀም። «በዚህ ነገር ይቀለዳል? ማን ነው ሰው ላኩ ያለ? ሲስተር ናት?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ አስማማው። «እሷማ ተወው ነው ያለችኝ። የምትወስደው ሰው ካለ እኔን ውሰደኝ። ብቻ መጀመሪያ ይችን ቧንቧ ልያት።»

ከፍሪጁ ሆድ ውሃ የምታወጣ፣ ትንሽ ጣት የማታስገባ ቧንቧ በካራቫኑ ጀርባ በኩል ትወጣለች። አቶ አስማማው ከፊቷ ተንበረከኩ። «ተደፍናለች። በሰም ነው የደፈኗት። እንዴት ያለ ድፍን ነው እቴ፤ ዙሪያው እኩል፣ እስከ ውስጥ የጠለቀ። ይኸን የሠራ ሰው ሙያ ያውቃል።» ከዚያ ሰሙን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

«እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥር ላይ። አቧራ መድኃኒቱን እንዳይነካው ብዬ ደፈንኋት።»

ሽቦ ቢከቱ ተጣጠፈ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው የአዘዘ ጠመንጃ ላይ፣ ከአፈሙዙ ሥር ባለችው የመወልወያ ዘንግ ላይ ዐረፈ።

«እሷን አውሰኝ።»

«የመንግሥት ንብረት ናት።»

«ልጆችህን ማን ነው የከተባቸው?»

አዘዘ ወደ እኔ ዞረ። አራቱንም የከተብኳቸው እኔ ነኝ። ዘንጓን መዝዞ ሰጣቸው።

ዘንጓን ሰሙ ውስጥ ወግተው ሲስቡ ሰሙ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ተከትሎት ውሃው የአዘዘ ጫማ ላይ ተንዶለዶለ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁን መቻል አቃተው፤ ከዚያ አዘዘም ሳቀ፤ ድንጋዮቹንም ከጎማው ሥር አብረው አነሡልን። ብልቃጦቹን ወደ ፍሪጁ ስመልስ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው በረዶ እፍኝ አይሞላም ነበር። በማግስቱ አቶ አስማማው፣ ጠባቂዎቹን ያስጠሩት ሆነ ብለው ለዘንጓ ሲሉ እንደነበረ ለሰፈሩ ሁሉ አስረዱ።

ቅዳሜ ካራቫኑ በመኪና ተጎትቶ ይፋግ ሲሄድ አቶ አስማማው አብረውኝ ሄዱ፤ ማንም አልጋበዛቸውም። ሰልፉ ከጠበቅነው በላይ ረጅም ነበር። እኔ ስከትብ እሳቸው ከሰልፉ ጭራ እየተነሡ ልጆቹን ይቆጥራሉ፤ ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር እንኳ ልጠግን አላሉም። ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብለው፣ «የተጣሉት ሦስቱ ብልቃጦች ስንት ልጅ ይከትቡ ነበር?» አሉኝ።

«ሠላሳ።»

«እኔ እኮ የዚህ አገር ልጅ ነኝ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ሁለቱን እህቶቼን በአንድ ሳምንት ነው ኩፍኝ የወሰዳቸው። አባቴ ሞፈርም ጀልባም ይሠራ ነበር። ለእነሱ ግን የሚያደርገው አጣ።»

ሐሙስ ዕለት እንዴት እንደተቆጣኋቸው ትዝ አለኝና አፈርኩ። የሚቀጥለውን ልጅ ጠራሁ።

የመጨረሻውን ብልቃጥ ስከፍት ሰልፉ ላይ ዘጠኝ ልጅ ነበር። ዘጠነኛው ወለተ ሩፋኤል የምትባል እናት ሕፃን ነው፤ ተወግቶ አለቀሰና ጡት ያዘ።

«አለቀ?» አሉ አቶ አስማማው።

«አለቀ።»

«ሳይከተብ የቀረ አለ?»

«የለም።»

የካራቫኑ ደረጃ ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ተነሥተው በሩን አንዴ ከፈቱት፣ አንዴ ዘጉት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ሲስተር፣ ይኸ በር ሲጢጥ የሚል መሰለኝ።»

በሩ ምንም ድምፅ አልነበረውም።

«አዎ፣ ከጀመረ ሰንብቷል» አልኳቸው። «ሰኞ መጥተው ይዩልኝ።»