ርስቴን ለአርባ ቀን

ምቾት የለመደ ሰው ፈጣሪውን የሚያስታውሰው ሲያስነጥሰው ብቻ ነው። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ግን ዕድለኛ ነው፤ ገና ከበሩ ሲወጣ የሚያጸልየው ነገር ሞልቷል!

እኔማ የሰሞኑን ግኝቴን ካላካፈልኳችሁ እፈነዳለሁ። መቆም! አዎ፣ ሰርቪስ ላይ መቆም። ሰርቪሳችን ውስጥ ወንበር ማለት ርስት ነው። የእኔ ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው፣ በመስኮት በኩል ያለው ነው፤ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ።

ታዲያ የንስሐ አባቴ ስለ አንድ ቂሜ ሳማርርባቸው ሰለቻቸው መሰል፣ "ልጄ፣ ከሚመችህ ነገር አንዱን አርባ ቀን ተው። ሥጋ ሲቸገር ልብ ይለዝባል። አንድ ቀን ካጎደልክ ግን እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ" አሉኝ። ርስቴን ተውኩ። ቦርሳዬን አስቀምጬበት እቆምና አቃቂ ወይም ቃሊቲ ላይ ለሚሳፈር ደካማ ሰው እለቃለሁ።

ቂሙ ምን መሰላችሁ? ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ተፈትኜ አንደኛ ወጣሁ። የያኔው አለቃዬ አቶ ጌታነህ ስሜን ሰረዙና የሚስታቸውን ወንድም ላኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔማ የዚያን ቀን ያሰሩትን ከረባት ቀለም እንኳ አልረሳሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት እግሬ አበጠ። በሦስተኛው ግን ጉድ በሉ! ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የማልነቃነቅ ምሰሶ ሆንኩ። መንገድ ተዘግቶ ሌላው ሲራገም እኔ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ከርስቴ አጠገብ የሚቀመጡት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አልማዝ፣ "ምሁሩ፣ እንዲህ ከቀጠልክ ክንፍ ታበቅላለህ፤ ያኔ ሰርቪስም አያሻህም" ይሉኛል። እኔም በልቤ፣ "ምን ይታወቃል?" እላለሁ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ቃሊቲ ላይ ሰርቪሳቸው የተበላሸባቸው አንድ ከዘራ የያዙ ሰው ተሳፈሩ። አቶ ጌታነህ! እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዘጭ ብዬ ርስቴ ላይ ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። በእንቅልፍ አወሳሰዴ ሕፃን ይቀናል።

ወይዘሮ አልማዝ በክርናቸው ጎሰሙኝ። "ምሁሩ! ክንፍህ ረገፈ እንዴ? ሽማግሌ ቆሞ!" ሰርቪሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ።

አቶ ጌታነህ ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን አሻሹ፣ ቀና ብለውም፣ "ተባረክ ልጄ። የት ነው የማውቅህ?" አሉኝ። ለዚህች ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፤ መግቢያና መደምደሚያ ያለው ንግግር! ከአፌ የወጣው ግን፣ "እዚሁ ሰርቪስ ላይ ይሆናል፣ ጋሼ" የሚል ሆነ።

ማታውኑ ወደ ንስሐ አባቴ በረርኩ፤ ጠላቴን በርስቴ ላይ አስቀመጥኩ ብዬ ድሌን አበሰርኩ። አዳምጠው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ተነሣህ ወይስ አስነሡህ?" ዋሽቻቸው አላውቅም፤ የወይዘሮ አልማዝን ክርን ነገርኳቸው። "እንግዲያው ከአንድ ጀምር" አሉኝ።

ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። የአቶ ጌታነህ ሰርቪስ አሁንም አልተጠገነም። ርስቴ ላይ ተመቻችተው ይቀመጡና በየማለዳው እንደ አዲስ፣ "የት ነው የማውቅህ?" ይሉኛል።