የጋትሉዋክ በሬና የባሌ ኮምፒዩተር

እፍረት ሁለት ዓይነት ነው፤ የራስና የባል። የራስን ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ጥቂት ቀን ከሰው ሸሽቶ ያሳልፈዋል። የባልን ግን የት ይደብቁታል? ቁመቱ ረጅም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ለዚያውም በየግብዣው አጠገብሽ የሚቀመጥ! ያገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላገባችሁ አትቸኩሉ።

ባሌ ታደሰ የክልሉ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ያኔ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም፤ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ታደሰ ያገለገለ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ በአውቶብስ፣ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ አመጣ። ከዚያ ወዲያ የቤታችን አንድ ለእናቱ ቬንቲሌተር ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ፤ እኔ ከሙቀቱ ጋር ተፋጠጥኩ። የዘፈን ማደባለቂያ ፕሮግራም ሲያገኝማ ለየለት። የትግርኛውን ከበሮ ከሱዳን ዘፈን፣ የጉራግኛውን ጭብጨባ ከመዝሙር ጋር ሲያጋባ ይውላል። "ሙዚቃ ድንበር የለውም" ይለኛል። ድንበር ባይኖረው በር አለው ብዬ እዘጋበታለሁ።

ጋትሉዋክ ከእኔ ጋር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ኑዌር ነው፤ ዝምተኛ፣ መርፌ ሲወጋ ልጅ የማያስለቅስ። የጎረቤታችንን የመምህር ወርቁን ልጅ ሰላምን ወደደ። መምህር ወርቁ የደጋ ሰው ናቸው፤ "አላውቀውም" እያሉ ስንት ሽማግሌ መለሱ። በመጨረሻ እሺ ያሉትም በግማሽ አፋቸው ነው። እንግዲህ ሠርጉ ለጋትሉዋክ ሠርግ ብቻ አልነበረም፤ አማቱ ፊት ሰው ሆኖ የሚታይበት ቀን ነበር።

ኑዌር ጎረምሳ ሲሆን በሬ ይሰጠዋል፤ ለበሬው የራሱን ዘፈን ያወጣለታል፤ ሲዘፍንም ሁለት እጁን እንደ ቀንድ ወደ ላይ ያነሳል። ታደሰ ታዲያ ይህን የሙሽራውን ዘፈን ከደጋው የሠርግ ጭፈራ ጋር ላዋህደው አለ። ሁለቱም ወገን አብሮ ይጨፍራል፣ መምህር ወርቁም ይረታሉ። የባሌ ሐሳብ ክፉ ሆኖ አያውቅም፤ ችግሩ ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ጋትሉዋክ ዘፈኑን በካሴት ቀድቶ ሰጠው። ዘፈኑ በበጋ እንደ ባሮ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ የደጋው ጭፈራ ግን ይሮጣል። ታደሰ እንዲገጥሙ ብሎ የጋትሉዋክን አፈጠነው። ዘፈን ሲፈጥን ደግሞ ድምፅ ይቀጥናል።

"ታዴ፣ ይሄ የሰውዬው ድምፅ ነው?" አልኩት።

"ትንሽ ቀጠነ እንጂ ምን ሆነ? አንቺ ምቱን ስሚ!"

የሠርጉ ዕለት ማንጎው ሥር ዳስ ተጥሏል፤ ታደሰ ኮምፒዩተሩን ከነስፒከሩ ጥግ ላይ ተክሏል። ጋትሉዋክ በሙሉ ልብስ ገባ፣ ሁለት እጁን እንደ ቀንድ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከስፒከሩ የወጣው ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ድምፅ ነበር። እልል ሊሉ የተዘጋጁ ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከዚያ በእኛ ወገን ሳቁ ፈነዳ። የሙሽራው ዘመዶች እርስ በርስ ተያዩ፤ መምህር ወርቁ መሬት መሬቱን አዩ። ታደሰ ማውዙን ቢጫን ቢጫን ኮምፒዩተሩ ስታክ አድርጓል፤ ሕፃኑ ይዘፍናል። ወይኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ጋትሉዋክ እጁን አላወረደም። አንድ ሰው ሶኬቱን ነቀለ። ያን ጊዜ በራሱ ወፍራም ድምፅ፣ በራሱ እርጋታ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረው። ዘመዶቹ ተቀበሉት። ሳቁ ጠፋ። መምህር ወርቁ ቀና አሉ፤ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ልጃቸውን ጠየቋት።

"ምን እያለ ነው?"

"በሬውን እያሞገሰ ነው፣ አባዬ።"

"ለበሬው እንዲህ ከሆነ..." አሉ፤ አልጨረሱትም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግስቱ ባሌን እየጎተትኩ ጋትሉዋክ ዘንድ ለይቅርታ ሄድን። "ሲስተር፣ ምንም አይደለም፤ በሬዬም አንድ ጊዜ ጥጃ ነበር" ብሎኝ ሳቀ። እሱ ሲስቅ እፍረቴ ባሰብኝ።

ባለፈው ሰሞን ጋትሉዋክና ሰላም ቤታቸው ጠሩን። አፏን በቅጡ ያልፈታች ሴት ልጃቸው መሃል ቤት ቆመች፤ ሁለት እጆቿን እንደ ቀንድ አንስታ የአባቷን ዘፈን ለቀቀችው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁርጥ ያ የኮምፒዩተሩ ድምፅ!

"ስሙ እንግዲህ!" አለ ባሌ ደረቱን ነፍቶ፤ "እኔ እኮ ቀድሜ አሰምቻችሁ ነበር!"

ምናለ ዝም ቢል! አያትየው መምህር ወርቁ እያጨበጨቡ፣ "ያ የሠርጉ ዕለት የሕፃን ድምፅ በካሴት ይገኝ ይሆን?" ብለው ጠየቁት።

ለካ ቀድቶ ይዞት ኖሯል፤ ካሴቱን ከኮቱ ኪስ አወጣው። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።