ለገዳዩ ስንቅ የሚያመላልስለት ማነው?

የወንጀል ልብ ወለድ ስናነብ ሁላችንም ሆደ ሰፊ ነን። ገዳዩ በልጅነቱ የደረሰበትን ስንሰማ አንጀታችን ይላወሳል፤ በቅዠት ሲባንን አብረነው እንባንናለን፤ ፖሊስ ደርሶበት ካቴና ሲያጠልቅለት ደግሞ፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ ቅር ይለናል። መጽሐፉን ከድነን ስንወጣ ግን ሌላ ሰው ነን። የሰፈራችን ልጅ ሰው ገደለ ሲባል ልጅነቱን የሚጠይቅ የለም። እናቱ ስታልፍ ሰላምታ የምናሳጥረውም እኛው ነን።

ከከተማችን ባህል አዳራሽ እምብዛም በማይርቀው ሰፈራችን እትዬ አስቴር የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ታምራት በጸብ መሃል አብሮ አደጉን በቢላዋ ወግቶ ገደለው። ሟችንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ታምራት ተፈርዶበት ታሰረ፤ እናቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ማረሚያ ቤት ሄደው አላዩትም። ስንቅ ታደርስለት የነበረችው እህቱ አግብታ ዲላ ከገባች ወዲህ ማን እንደሚያየው አናውቅም። እኛማ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብለን ነገሩን ከዘጋነው ቆይተናል።

አንድ ከሰዓት በኋላ በራፌ ላይ ተቀምጬ አንድ ወፍራም የውጭ አገር የወንጀል ልብ ወለድ ሳገባድድ እትዬ አስቴር ደረሱና «አውሰኝ እስቲ» አሉኝ።

«ይሄ እንኳ ለእርስዎ አይሆንም።»

«ግድያ ስላለበት ነው?»

መጽሐፉን ሰጠኋቸው።

ባለታሪኩ ወንድሙን የገደለ ፋርማሲስት ነው። ክፉ ነው እንዳትሉት፣ ለድሃ በሽተኛ ሲራራ ታዩታላችሁ። አስመሳይ ነው እንዳትሉት፣ በወንድሙ ቀብር ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ለቅሶውም የእውነት ነው። ደራሲው የሰውየውን ልብ ጓዳ ጎድጓዳ አንድ ሳያስቀር ይበረብራል።

እትዬ አስቴር መጽሐፉን ሲመልሱ «ገዳዩን ጠረጠሩት?» አልኳቸው፣ በአንባቢ ኩራት።

«እሱንማ ገና ሲያለቅስ አወቅሁት። ከታሰረ በኋላ ግን ስንቅ የሚያመላልስለት ማነው?»

«እዚያ አገር መንግሥት ይመግባቸዋል፣ እትዬ።»

«ስለ እንጀራው አይደለም። ማን ያየዋል?»

ገጹን ማገላበጥ ያዝኩ። ያገኘሁት «እናቱ በሕይወት አለች» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያን የሚያህል ጥራዝ ሲጽፍ እናቲቱን በር ላይ ትቷት ገብቷል። አፈርኩ፤ በደራሲው ይሁን በራሴ እንጃ።

«በደራሲው አልፈርድም» አሉ እትዬ አስቴር። «ምን እንደሚያደርጋት ቢጨንቀው ነው። እኔስ? አበበች መቃብር እየሄደች እኔ ምሳ ቋጥሬ ልውጣ? በየት በኩል ልለፋት?»

እትዬ አበበች የሟች እናት ናቸው። በራቸው ከእትዬ አስቴር በር ፊት ለፊት ነው።

በማግስቱ እትዬ አስቴር ዓሣ ጠብሰው በምሳ ዕቃ ያዙና «አብረኸኝ ና» አሉኝ። መጀመሪያ የተሻገሩት ወደዚያ በር ነው።

«ታምራትን ላየው ነው። ሳልነግርሽ መሄድ ከበደኝ።»

እትዬ አበበች ምሳ ዕቃውን አዩት።

«እስካሁን ሳትሄጂ ነው?» አሉ። «እሁድ እሁድ ለብሰሽ ስትወጪ እሱ ዘንድ እየመሰለኝ ስረግምሽ ኖሬአለሁ።»

«ቸርች ነበር የምሄደው።»

«ሂጂ እንግዲህ» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

እንግዲህ እዩት። አንዷ ለሌላዋ ስትል ቀረች፤ ሌላዋ ሄዳለች ብላ ረገመች። መሃል ላይ የቆምነው ጎረቤቶች ደግሞ ሁለቱንም እያየን፣ ጨዋነት መስሎን፣ አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ስንቅ ያመጣ ሰው ምግቡን መቅመስ አለበት። ጥበቃው ምሳ ዕቃውን ከፈተ።

«ታሳሪው ምንዎ ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ይቅመሱት፣ እማማ።»

እትዬ አስቴር ከዓሣው ቆርሰው ጎረሱ። ማላመጥ አቃታቸው፤ እንባቸው ቀደማቸው። ደንቡ እስኪውጡት መጠበቅ ነበር። ጥበቃው አልጠበቀም።

«ይግቡ» አላቸው።